የሊቨርፑል ጫኝና አውራጆች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብሪታንያ ከባሕር ማዶ የምታስመጣው ምግብና የጦር መሣሪያ በብዛት የሚገባው በሊቨርፑል ወደብ በኩል ነበር። የዛሬው ኮንቴይነር ባልነበረበት ዘመን ጫኝና አውራጁ የስኳሩን ጆንያ፣ የጥጡን እስርና የጥይቱን ሣጥን በመርከቡ ሆድ ውስጥ የሚያነሣውና የሚሸከመው በብረት መንጠቆና በትከሻው ነበር። ሥራው ጉልበት ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ክሬኑ ከመርከቡ የሚያወጣውን ጭነት አመዛዝኖ የሚያስረው ሠራተኛው ነበር፣ አንድ ገመድ ከላላ ደግሞ ጭነቱ ከታች በቆሙት ላይ ይወርዳል። ይህ ሁሉ መብራት በሚጠፋበት የጦርነት ጨለማ ሲሆን ሙያው ይበልጥ ያስደንቃል።

እ.ኤ.አ. በሜይ 1941 የመጀመሪያ ሳምንት የጀርመን አውሮፕላኖች ወደቡን በየሌሊቱ ደበደቡት። 1,000 ቶን ያህል ቦምብ የጫነችው ማላካንድ የተባለች መርከብ በእሳት ተያይዛ ፈነዳች፤ ከ144 የመርከብ መቆሚያዎች 69ኙ ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ፤ የሚራገፈው ጭነትም ወደ ሩብ ወረደ። የብዙ ሠራተኞች መኖሪያ ወደቡ አጠገብ ስለነበር ቦምቡ ቤታቸውንም አልማረም። ማራገፉ ግን አልቆመም።

ከጦርነቱ በፊት እነዚህ ሰዎች ሥራ ለማግኘት በቀን ሁለት ጊዜ በወደቡ በር ላይ ተሰልፈው ካልተመረጡ ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር። ቀድሞ የወደብ ሠራተኞች መሪ የነበረው የሥራ ሚኒስትር ኧርነስት ቤቪን በ1941 ሠራተኞቹ ተመዝግበው የተረጋገጠ ክፍያ የሚያገኙበትን ሥርዓት አስጀመረ፤ ይኸው ሥርዓት በ1947 ለሰላሙም ጊዜ በሕግ ጸደቀ።