ለዓይን የማይታይ ሥራ፦ ከቤተ ልሔም የድጓ ጉባኤ የምንማረውና የምንጠይቀው

አንድ ተማሪዬ የአዲስ ኪዳን ትርጓሜ ጽሑፉን ተዝረክርኮ አስገባ። የምዕራፍና የቁጥር ማጣቀሻዎቹ የተሳሳቱ ነበሩ፤ አንዳንዱ ገጽም ከሌላ ሰው የተገለበጠ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ «መምህር፣ ሌሊቱን ሙሉ በጸሎት ነበርኩ» አለኝ። የጸለየን ሰው መገሠጽ ከብዶኝ ማለፊያ ነጥብ ሰጠሁት። ተሳስቻለሁ። ከስሕተቴ ጀርባ ግን ብዙዎቻችን የምንጋራው ትምህርት አለ፤ ጸሎት መንፈሳዊ ነው፣ የቤት ሥራ ግን «ያው ሥራ» ነው የሚል።

አነጋገራችን ራሱ ይመሰክርብናል። መጋቢውንና ወንጌላዊውን «የሙሉ ጊዜ አገልጋይ» እንላለን። ታዲያ ነርሷ፣ ሸማኔውና ገበሬው የስንት ሰዓት አገልጋዮች ናቸው? ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1520 ለጀርመን መኳንንት በጻፈው ጽሑፍ፣ ካህናትን «መንፈሳዊ» ሌላውን ሕዝብ «ዓለማዊ» ብሎ በደረጃ መለየትን ተቃውሟል። እኛ የእርሱን ትምህርት ወርሰናል እያልን ያፈረሰውን አጥር በሌላ ስም መልሰን አጥረናል።

ይህን ልማዳችንን ለመመርመር ከቤታችን ውጭ አንድ ምስክር ልጥራ። በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓ በትውፊት የስድስተኛው መቶ ዘመን ሊቅ ለሆነው ለያሬድ የሚሰጥ የዜማ መጽሐፍ ነው። በሌላ ስፍራ የተማረ ሰው የድጓ መምህር ለመሆን ሲሻ ወደዚያ ሄዶ ያስመሰክራል። በነባሩ ልማድ ተማሪው መጽሐፉን የሚያዘጋጀው በገዛ እጁ ነው፤ ቆዳውን ወጥሮ ይፍቃል፣ ቀለሙን ይበጠብጣል፣ ብርዑን ይቀርጻል፣ ከቃሉ በላይ ጥቃቅኑን የዜማ ምልክት በየቦታው ያሰፍራል። በዚህ መካከል አኮፋዳውን ይዞ ቁራሽ ይለምናል፣ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል።

እኔን የሚገሥጸኝ የድካሙ ብዛት አይደለም፤ ጥንቃቄው ነው። አንዲት ምልክት ከቦታዋ ብትወጣ ዜማው ይለወጣል። ነገ ሌላ ተማሪ ከዚያው መጽሐፍ ቢገለብጥ ስሕተቱን ይወርሳል። ስለዚህ ጸሐፊው ሌሊቱን ቢጸልይም ባይጸልይም፣ ምልክቷ በቦታዋ መሆን አለባት። ለዚህ ተማሪ መንፈሳዊነት ከብራናው ውጭ የሚፈለግ ነገር አይደለም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በቆላስይስ 3፥22 የሚነቅፈው የዚህን ተቃራኒ ነው። የተጠቀመበት የግሪክ ቃል «ኦፍታልሞዱሊያ» ዓይንንና ባርነትን ያጣመረ ነው፤ ጌታው ሲያይ ብቻ የሚሠራ ሥራ ማለት ነው። በቁጥር 23 ደግሞ «ኤክ ፕሲኬስ»፣ በቁሙ «ከነፍስ» እንድንሠራ ያዛል። በስብከታችን ይህ ብዙ ጊዜ ሞቅ ያለ ስሜት ተደርጎ ይተረጎማል። የክፍሉን አሳብ ስንከተል ግን «ከነፍስ» የቆመው ለታይታ ከመሥራት በተቃራኒ ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር ማንም በማያይበት ስፍራ ታምኖ መሥራት ነው። ስሜቱ ሊመጣም ሊቀርም ይችላል።

ይሁን እንጂ ቤተ ልሔምን እንዲሁ አድንቀን አናልፍም። መከራን መቀበል በቀላሉ የጽድቅ መለኪያ ይሆናል፤ የተራበና የተንከራተተ ሁሉ ወደ እግዚአብሔር የቀረበ ይመስላል። ጳውሎስ ግን ትእዛዙን ከመስጠቱ በፊት አንባቢዎቹን የተመረጡና የተወደዱ ብሎ ይጠራቸዋል (3፥12)። ሥራው የሚወለደው ከዚህ መወደድ ነው፤ መወደዱን አይገዛውም። ደግሞም የዜማው ጉባኤ የቆመው በጋይንት ገበሬ እህልና ቁራሹን በአኮፋዳ በምታኖረው ሴት ጉልበት ላይ ነው። የእርሷ ወፍጮ ከድጓው ያነሰ አምልኮ ነውን? ይህን ጥያቄ ወደ ጎረቤት ከመወርወራችን በፊት፣ የጸሎት አዳራሻችንን ለምትጠርገው እኅት ምን ብለን እንደምንመልስ እናስብ።

ለእኛ ለሰባኪዎች የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ጳውሎስ በዚህ ክፍል ያናገረው ባሪያዎችን ነው፤ ወዲያውም በ4፥1 ጌቶች ለእነርሱ ቅንና እኩል የሆነውን እንዲያደርጉ ያዛል። የዘበኛውንና የጽዳት ሠራተኛዋን ደመወዝ እያዘገየ «ለጌታ ብላችሁ ሥሩ» የሚል መጋቢ የሰበከው የክፍሉን ግማሽ ነው። የዕለት ሥራ መንፈሳዊ ነው ማለት ርካሽ ጉልበት ማግኛ ከሆነ፣ ቃሉ ራሱ ይከሰናል።

እንግዲህ ያ ተማሪ ዛሬ ቢመጣ ጽሑፉን እመልስለት ነበር። «ወንድሜ፣ ጸሎትህን አልነቅፍም። ይህን ግን ደግመህ ጻፈው፤ ነገ ከአንተ የሚማር ምእመን አለ» እለው ነበር። እኔም እርማቱን ሳልሰለች መስመር በመስመር አነብበው ነበር፤ የእኔም የዕለት ሥራ ይኸው ነውና።