የካዝናው ስፋት

ሻጩ የሦስቱንም ሽጉጦች ካዝና አወጣ። የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ ቆለፈ፤ ጥይት የሚጎርሱበትን ቦታ በዓይኑም በጣቱም ፈትሾ ጎማ ምንጣፍ ላይ ደረደራቸው። ቦታው ቨርጂኒያ ነው። በልብስ ሥር የሚያዙ ትናንሽ ሽጉጦች አንድ ሙሉ መደርደሪያ ይዘዋል።

ሦስቱም ባለ 9 ሚሊ ሜትር ናቸው። ግሎክ 26 ጥይት የሚይዘው 10 ነው፤ ቁመቱ አጭር ቢሆንም ወገቡ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወፍራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ግሎክ 43 ሳሳ ያለ ነው፤ የሚይዘው ግን 6 ብቻ። ሲግ ሳወር በ2018 ያወጣው ፒ365 እንደ 43 ቀጭን ሆኖ እንደ 26 አሥር ይይዛል። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው።

ሽጉጡን ትቼ ካዝናውን አነሳሁ። ካርታ የሚሉትም አሉ። ጥበቡ ያለው እዚያ ነው። የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ቀለህ ከግርጌው 10 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። አሥሩ ቀጥ ብለው ቢደራረቡ 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይፈጃሉ፤ ይህን የሚችል አጭር እጀታ የለም። ብርቱካን ሳጥን ውስጥ እንደሚደረደረው፣ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ካለ ግን የላይኛው በታችኞቹ መካከል ይሰምጣል። 5 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢወጣ እያንዳንዱ ጥይት የሚጨምረው ቁመት ወደ 8.7 ይወርዳል፤ 7 ቢወጣ ወደ 7 ገደማ። ያተረፉትን ቁመት በስፋት ይከፍሉታል። የፒ365 ሠሪዎች የቆሙት መካከሉ ላይ ነው፤ ከአንድ ረድፍ የሰፋ፣ ሁለት ረድፍ ያልሞላ። ጣቴን በጎኑ ወደ ላይ ሳስኬድ ግድግዳዎቹ ቀስ እያሉ ይቀራረባሉ፤ አፉ ጋ ሲደርሱ የሚያሳልፉት አንድ ጥይት ብቻ ነው። ሌላም አለ። ግሎክ የካዝናውን ብረት በፕላስቲክ ያለብሳል። የሲጉ እርቃኑን ብረት ነው፤ የፕላስቲኩ ውፍረት በሁለቱም ጎን ተቀንሷል።

የፒ365 ምላጭና አብሮት የሚሠራው የመተኮሻ ዕቃ የተሰካው ከእጀታው ወጥቶ በሚነሳ አንድ የብረት አቃፊ ላይ ነው። መለያ ቁጥሩ እዚያ ስለተቀረጸ በአሜሪካ ሕግ ሽጉጥ የሚባለው እሱ ነው፤ እጀታው እንደ ልብስ ይቀየራል። ትንሿ ጣቴ ግን ጠፍጣፋ ግርጌ ባለው ካዝና ላይ ማረፊያ አጣች። አብሮ የሚመጣው ሁለተኛው ካዝና ከንፈር አለው፤ እኔ ብሆን እሱን እመርጣለሁ።

ከመስታወቱ ሥር አሮጌ ዋልተር ፒፒኬ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ የወጣ ንድፍ ነው። አፈሙዙ አይነቃነቅም፤ ሞላው ዙሪያውን ተጠምጥሟል። ሲፈታ የምላጩ ከለላ ወደ ታች ይሳባል። የማካሮቭ ሽጉጥ ፈትቶ የሚያውቅ ሰው ይህን እጁ ያስታውሰዋል። ፒፒኬ ቀጭንነቱን ያገኘው በሌላ መንገድ ነው፦ እጀታው ከኋላ ብረት የለውም። አንድ ወጥ የፕላስቲክ ልባስ ከጎን ወደ ጎን ዞሮ ራሱ ጀርባ ይሆናል። መጋጠሚያው ላይ ጥፍሬን ባስኬድ አልያዘኝም።

ጥይት ሲጎርስ ከመዶሻው በላይ ቀጭን ዘንግ ብቅ ትላለች፤ በጨለማ በአውራ ጣት ትዳሰሳለች። ይህኛው ባዶ ነበርና ጣቴ ያገኘው ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው።