የዲጂታል ሎጂክ ዲዛይን ኮርስ ከሥርዓተ ትምህርት አንጻር ሲመዘን

ዲጂታል ሎጂክ ዲዛይን በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በኤሌክትሪካልና ኮምፒዩተር ምሕንድስና ክፍሎች ከሚሰጡት መሠረታዊ ኮርሶች አንዱ ነው። ጉዳዩ ለመሐንዲሶች ብቻ የተተወ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ከምሩቃኑ ከፊሎቹ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ እንደሚገኘው የንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ባሉ ተቋማት አሠልጣኝ መሆን ስለሚችሉ፣ በኮርሱ የሚታየው ጉድለት ወደ ሠልጣኙም መተላለፉ አይቀርም። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ የኮርሱን ይዘት፣ አቀራረብና ምዘና ለመመርመር ተሞክሯል።

በቅድሚያ ሊመሰገን የሚገባው የይዘቱ ቅደም ተከተል ነው። ሞሪስ ማኖ ባዘጋጀው የታወቀ መማሪያ መጽሐፍ እንደሚታየው፣ ትምህርቱ ከቁጥር ሥርዓት ተነሥቶ በቡል አልጀብራ አልፎ ወደ ጌቶች፣ ወደ ቆጣሪዎችና ወደ ሜሞሪ ይደርሳል። ጆርጅ ቡል እ.ኤ.አ. በ1854 የአስተሳሰብን ሕግ በሒሳብ ምልክት ገለጸ፤ ክሎድ ሻነን በ1937 ባቀረበው የማስተርስ ጽሑፍ ይኸው ሒሳብ ለኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ እንደሚሠራ አሳየ። ንድፈ ሐሳብ ወደ ተግባር እንዴት እንደሚለወጥ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ይሁን እንጂ ኮርሱ ተማሪው ከሚያውቀው አይነሣም። የመጀመሪያ ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ሒሳብ ኮርስ «እና»፣ «ወይም» እና «አይደለም» የሚሉትን የአመክንዮ ማያያዣዎች አስቀድሞ ያስተምራል፤ ጌቶቹ እነዚሁ መሆናቸው ግን በግልጽ ሳይነገር ይታለፋል። የሁለትዮሽ ቁጥርም እንደ ባዕድ ነገር ይቀርባል። በውጭ ሀገር የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚባለውን ስልት ለአብነት እንውሰድ። 13ን በ24 ለማባዛት፣ 13 ቀሪው እየተጣለ በግማሽ ሲከፈል 13፣ 6፣ 3፣ 1 ይሆናል፤ 24 እየታጠፈ 24፣ 48፣ 96፣ 192 ይሆናል። ጎዶሎ ቁጥር ካለበት ረድፍ 24፣ 96 እና 192 ሲደመሩ 312 ይገኛል። ጎዶሎውን 1፣ ሙሉውን 0 ብለን ከታች ወደ ላይ ብንጽፍ 1101 እናገኛለን፤ ይህም በሁለትዮሽ ሥርዓት 13 ነው። ይህን ስልት የተረዳ ተማሪ የኮምፒዩተርን ማባዣ ለመረዳት ሩቅ አይሆንም።

ከሁሉ የከፋው ጉድለት በተግባር ትምህርት ላይ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በተመለከተው አንድ ቤተ ሙከራ ሽቦ የሚያገናኘው አንድ ተማሪ ሲሆን የቀሩት ውጤቱን ይገለብጡ ነበር። በ1953 የወጣው የካርኖ ካርታ ሰፊ ጊዜ ሲሰጠው ብልሽት ፍለጋ ግን ምንም ጊዜ አልተመደበለትም። በወረቀት ላይ ቆጣሪ አንድ ጊዜ ሲነካ አንድ ይቆጥራል፤ በሰሌዳ ላይ ግን የማብሪያው ብረት ስለሚነጥር ሁለት ወይም ሦስት ሊቆጥር ይችላል። ሳይገናኝ የተተወ የጌት መግቢያም ተማሪው ያልጠበቀውን ውጤት ይሰጣል። ይህ ችግር አንድም ጊዜ ያልገጠመው ምሩቅ ነገ ሠልጣኙ «ለምን አልሠራም?» ብሎ ሲጠይቀው ምን ይመልሳል?

ምዘናውም ይህንኑ ያባብሳል። ፈተናው ቀመር ማሳጠርን ብቻ ከጠየቀ፣ ተማሪውም ቀመር ማሳጠርን ብቻ ያጠናል። ይህ የተማሪው ስንፍና አይደለም፤ የፈተናው ትእዛዝ ነው።

ከዚህ በላይ በተገለጹት ምክንያቶች የሚከተሉት ሐሳቦች ቀርበዋል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጌት ከአካባቢ በተወሰደ ምሳሌ ይጀመር፤ በጀሞ እንዳሉት ባለ ፎቅ መኖሪያዎች ከታችም ከላይም በሁለት ማብሪያ የሚታዘዝ የደረጃ መብራት «ከሁለቱ አንዱ ብቻ» የሚለውን ጌት በሚገባ ያስረዳል። ሁለተኛ፣ መሣሪያ ቢያንስም ተማሪዎች በተራ ሽቦውን ይያዙ። ሦስተኛ፣ ሆን ተብሎ የተበላሸ ሰርኪት ቀርቦ ጉድለቱን ማግኘት የፈተናው አካል ይሁን።

ለነዚህ ማሻሻያዎች ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የሰዓት ድልድሉን እንደገና ማየት ነው። ዕቅድ አውጪዎች ኮርሱን ሲገመግሙ የተዘረዘሩትን ርእሶች ከመቁጠር አልፈው፣ ተማሪው በእጁ ምን መሥራት እንደቻለ ቢጠይቁ መልካም ይሆናል።