ሴት ልጅ ለአባቷ ታደላለች?

«ሴት ልጅ ወደ አባቷ፣ ወንድ ልጅ ወደ እናቱ» የሚለው አባባል እዚህ እንዳ ኢየሱስም መጽሐፍ ስንወያይ ይነሣል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን (1958 ዓ.ም.) በዚህ አባባል የሚያነብ ግን ሰብለ ወንጌል ላይ ሲደርስ ይቸገራል። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን አይጠሉም፤ ለጋብቻ የሚጠይቃትን ሁሉ በዘር ማነስ እየመለሱ ዕድሜዋን ያሳልፉባታል እንጂ። እሷም ታከብራቸዋለች፣ ትፈራቸዋለች። በዛብህን መውደዷን ግን ትደብቃቸዋለች። ሐዲስ ዓለማየሁ ያሳዩን የሴት ልጅን አድልዎ ሳይሆን፣ አባትን እያከበሩ ከአባት መሸሸግን ነው። የመጽሐፉ አንዱ ብርታት ይህ ይመስለኛል።

የዘፍጥረት ታሪክ ደግሞ አባባሉን ከሥሩ ይነቅለዋል። ዔሳውና ያዕቆብ ሁለቱም ወንዶች፣ ያውም መንትዮች ናቸው፤ ሆኖም አንዱ ለአባቱ፣ አንዱ ለእናቱ ሆነ። መጀመሪያ ያደሉት ወላጆቹ ናቸው (25፥28)። ይስሐቅ ዔሳውን የወደደበት ምክንያት እንኳ ተጽፏል፤ ካደነው ይበላ ነበር። ነገሩ ከወጥ ተጀመረ ማለት ነው!

አሁን ልጁን እንየው። ምዕራፍ 26 የዔሳው ሚስቶች ይስሐቅንም ርብቃንም እንዳሳዘኑ ይናገራል። ምዕራፍ 28 ላይ ግን ዔሳው ወደ እስማኤል ሄዶ ሌላ ሚስት የሚያገባው የአባቱን ቅሬታ ብቻ አይቶ ነው። ብዙዎቻችን ይህቺን እያነበብን እናልፋታለን። እናቱም ማዘኗን ዔሳው አላስተዋለም፤ ወይም ግድ አልሰጠውም።