ንባብ ወይስ የንባብ ድምፅ፦ በአንደኛ ደረጃ የንባብ ትምህርት አሰጣጥ ላይ የቀረበ ሂስ

ረፋድ ላይ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ የሚያልፍ መንገደኛ፣ ከአንደኛና ከሁለተኛ ክፍል የሚወጣውን የሕፃናት ድምፅ ሰምቶ ልጆቹ እያነበቡ ነው ቢል አይፈረድበትም። መምህሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ያነባል፤ ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ ተቀብለው ያስተጋባሉ። ገጹ እስኪያልቅም ድምፁ አይቋረጥም። ይሁን እንጂ ከመካከላቸው አንዱ ለብቻው ተነሥቶ በዚያው ገጽ ላይ የተመለከተለትን አንድ ቃል እንዲያነብ ቢጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ ቃሉን የሚያገኘው ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ በቃሉ እየወረደ ሲደርስበት ነው። ዐይኑ ከመጽሐፉ ላይ ነው፤ የሚያነበው ግን በጆሮው የያዘውን ነው።

የንባብ ትምህርት ዓላማ ተማሪው በጽሑፍ የሰፈረውን ሐሳብ ያለ ሌላ ሰው እርዳታ እንዲረዳ ማስቻል ነው። በዚህ ላይ የሚከራከር የለም። አሠራሩ ግን ከዓላማው ርቆ ይገኛል። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎችና በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና እንዳሳየው፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ የሚሆኑት ለክፍላቸው ከሚመጥነው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ 48 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ ጽሑፉን ስለ መረዳታቸው ከቀረቡላቸው ጥያቄዎች አንዱንም አልመለሱም። ከምዘናው በኋላ በነበሩት ዓመታት በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል። ሆኖም አዲስ መጽሐፍ በአሮጌ ልማድ ከተነበበ ለውጡ ከሽፋኑ አያልፍም።

የተወረሰውና የተጣለው

በኅብረት እየጮኹ የመማር ልማድ ከቄስ ትምህርት ቤት የተወረሰ ነው ይባላል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ሀሁን በተርታ ከቈጠረ በኋላ ወደ አቡጊዳ ይሸጋገራል። የአቡጊዳ ጥቅም ፊደሉን ከለመደው ተርታ አውጥቶ በሌላ ቅደም ተከተል ማቅረቡ ነው፤ በቃሉ ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ይጋለጣል። ከዚያም በፊደለ ሐዋርያ፣ በወንጌልና በዳዊት ንባብ ሲገፋ፣ እያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ምዕራፍ ይዞ በየኔታ ወይም በዕድሜ ከፍ ባለ ተማሪ ፊት ለብቻው ይሰማል። እንግዲህ ያ ትምህርት ቤት ጩኸት ቢኖረውም ሁለት መጠበቂያዎች ነበሩት፤ አንደኛው ተርታን ማፍረስ፣ ሁለተኛው ልጅን በነጠላ መስማት ነው።

ጉድለቱም የታወቀ ነው። የሚነበበው ግዕዝ በመሆኑ ትርጉሙ ለሕፃኑ የራቀ ነበር፤ ምሥጢሩም እስከ ትርጓሜ ቤት ይቈያል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከዚህ ውርስ የወሰደው ጩኸቱን ሲሆን፣ ሁለቱን መጠበቂያዎች ጥሎአል። ልጁ በሚናገረው ቋንቋ እየተማረም ትርጉምን ለኋላ የማቈየቱን ጉድለት ይዞ ቀርቷል። ለቀድሞው መምህር ይህ በቋንቋው ምክንያት የመጣ ነበር፤ ለዛሬው ግን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ፊደሉ የማይነግረው

የአማርኛ ጽሑፍ በባሕርዩ የሚያስተውል አንባቢን ይሻል። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲረቡ 231 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ የለየ ልጅ ግን የንባብን ደጃፍ ረገጠ እንጂ አልገባም፤ ጽሑፉ የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው አይለይምና። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። «ዋና» ሲላላ መዋኘትን፣ ሲጠብቅ ከሌላው የሚበልጠውን ነገር ያመለክታል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቁት ፊደላት ላይ ነጥብ በማኖር ችግሩን ለማቃለል ሞክረው ነበር፤ አሠራሩ ግን አልተለመደም።

«ገና ሲደርስ አዲስ ልብስ ለበሰ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ለአብነት መውሰድ ይቻላል። «ገና» ቢላላ ሰውዬው እንደ ደረሰ ልብስ መቀየሩን፣ ቢጠብቅ በበዓሉ ቀን አጊጦ መውጣቱን ይናገራል። ትክክለኛውን ለመምረጥ ከፊት ያለውን ዐረፍተ ነገር ማስታወስ ግድ ነው። እንዲህ ዐይነቱ ምርጫ ራሱ ንባብ ነው። መምህሩ አስቀድሞ አንብቦ ክፍሉ ሲቀበለው ግን ምርጫውን ስለ ሁሉም የፈጸመው መምህሩ ነው፤ ለልጆቹ የሚተርፋቸው ድምፁ ብቻ ይሆናል።

ያለ መረዳት የሚመለስ ጥያቄ

ከምንባብ በኋላ የሚቀርቡ ጥያቄዎችም ይህን ጉድለት ከመግለጥ ይልቅ ይሸፍኑታል። «ዘርሞ ቀለሙጡን ነጠፈቀ» የሚል ትርጉም የሌለው ዐረፍተ ነገር ቀርቦ «ዘርሞ ምኑን ነጠፈቀ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ አማርኛ የሚናገር ማንኛውም ልጅ «ቀለሙጡን» ብሎ ሙሉ ማርክ ያገኛል። ምን እንደተነገረ ግን አያውቅም። አልማዝ ውሃ ልትቀዳ ወደ ምንጭ ወርዳ እንስራዋ እንደተሰበረ የሚተርክ ምንባብ ሲቀርብም፣ «አልማዝ ወዴት ወረደች?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ የተለየ አይደለም። «ወደ ቤት ስትመለስ በደጃፍ የቆመችው ለምን ይመስላችኋል?» የሚለው ግን ታሪኩን የተረዳውን ልጅ ካልተረዳው ይለያል።

የተቈለፈው ሣጥን

ማንበብ የቻለው ልጅስ ምን ያነባል? በብዙ ትምህርት ቤቶች የተረት መጻሕፍት በዳይሬክተሩ ቢሮ ወይም በዕቃ ግምጃ ቤት ተቈልፈው ይገኛሉ። ይህ ሁልጊዜ ከግዴለሽነት የሚመጣ አይደለም። መጽሐፉ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በአንድ ሠራተኛ ስም ይመዘገባል፤ ቢጠፋም ከፋዩ ያ ሠራተኛ ነው። በሕፃን እጅ የሚገባ መጽሐፍ መቀደዱ ስለማይቀር፣ ጠንቃቃው ንብረት ያዥ ቁልፉን ያጠብቃል። በቈጠራ ጊዜም መጻሕፍቱ ሳይጐድሉ፣ አንባቢም ሳያገኙ ይመሰገናል። ጠመኔ ሲያልቅ ማንም አይጠየቅም፤ የሕፃናት መጽሐፍ ግን እንደ ጠረጴዛ ቋሚ ዕቃ ይቈጠራል። ያለ ነቀፌታ ሊያልቅ የሚገባው ዕቃ ካለ ግን የሕፃናት መጽሐፍ ነው።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ፣ ፊደል የለየ ሰው የሚያነበው ካጣ ወደ መሃይምነት እንደሚመለስ ነው። የንባብ ቤቶች መቋቋማቸውም ስለዚህ ነበር። ለጎልማሳው የታሰበው ለሕፃኑ ሊነፈግ አይገባም።

ምን ይደረግ?

ለጩኸት ንባብ ዘወትር የሚሰጠው ምክንያት የተማሪዎች ብዛት ነው። በእርግጥም 60 ተማሪዎች በ40 ደቂቃ ውስጥ በተራ ይነበብላቸው ቢባል ለእያንዳንዱ 40 ሴኮንድ ብቻ ይደርሰዋል። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ቀን መሰማት የለበትም። በቀን 12 ልጆች ሁለት ሁለት ደቂቃ ቢሰሙ 24 ደቂቃ ይወስዳል፤ በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ ካለም ስልሳዎቹ ሁሉ ይዳረሳሉ። በዚያ ሰዓት የቀሩት ጥንድ ጥንድ ሆነው ማንበብ ይችላሉ። በቀሪው 16 ደቂቃ መምህሩ ለሁሉም ያነባል፤ ይጠይቃልም። በኅብረት ማንበብ ጨርሶ ይቅር አይባልም፤ ዓይን አፋሩን ያደፋፍራል፣ የዐረፍተ ነገርን ዜማ ያስለምዳል። መሠረት እንጂ መፈተኛ ሊሆን ግን አይገባውም።

መጽሐፍ በጠፋበትም ልጆቹ ከቤታቸው ያመጡት ተረትና እንቆቅልሽ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሊነበብ ይችላል። ታሪኩን አስቀድመው ስለሚያውቁት ግን ማግስቱን ዐረፍተ ነገሮቹን እያዘዋወሩ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ይህም አቡጊዳ ለፊደል ያደረገውን ለዐረፍተ ነገር ማድረግ ነው።

ከፕላን አውጪዎች የሚጠበቀው የሕፃናት ማንበቢያ መጻሕፍት በአላቂ ዕቃ እንዲመደቡና በየዓመቱ መተኪያ በጀት እንዲያዝላቸው ማድረግ ነው። ሱፐርቫይዘሮችም ክፍል ሲጐበኙ የድምፁን ኅብረት ከማድነቅ ይልቅ አንድ ልጅ መርጠው፣ መምህሩ ያላነበበውን ገጽ ሰጥተው ቢሰሙ የትምህርቱን እውነተኛ ውጤት ያገኛሉ። ከሦስተኛ ክፍል በኋላ ያለው ትምህርት ሁሉ በመጽሐፍ የሚመጣ ነው። በእነዚህ ሁለትና ሦስት ዓመታት ያልተሰማ ልጅ፣ በሌሎች ድምፅ ተከልሎ ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋል፤ መከለያው የሚወድቅበት ቀን ሲመጣ ግን ፊደል ሊያስተምረው የሚመለስ መምህር አያገኝም።