የክፍለ ሀገር ዩኒቨርስቲ በምን ይመዘናል? የኡሜዮ ዩኒቨርስቲ ዓላማ፣ ትምህርትና ምርምር

መግቢያ

አንድ መንግሥት ከዋና ከተማው ርቆ በሚገኝ የአገሩ ክፍል ዩኒቨርስቲ ሲያቋቁም ሁለት ተስፋዎች ያድሩበታል። አንደኛው፣ በዚያ አካባቢ የተወለደው ወጣት እንደ ሌላው የአገሩ ልጅ የከፍተኛ ትምህርት ዕድል ያገኛል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ተምሮ የወጣው ወጣት በዚያው ሥራ ይዞ ይቀመጣል፤ አካባቢውም በዕውቀት ይለማል የሚል ነው። የመጀመሪያውን ተስፋ ሕንፃ በመሥራት፣ መምህራን በመቅጠርና ተማሪዎችን በመቀበል መፈጸም ይቻላል። ሁለተኛው ግን ከዚህ እጅግ የከበደ ነው፤ ምክንያቱም ዩኒቨርስቲው የሚያስተምረውንና የሚመረምረውን ነገር ራሱን የሚነካ ነውና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሰሜን ስዊድን የሚገኘውን የኡሜዮ ዩኒቨርስቲን ለአንባብያን ማስተዋወቅና ሥራውን በእነዚህ ሁለት ተስፋዎች መመዘን ነው። በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርስቲዎች ቁጥር ከአርባ በላይ በደረሰበት በአሁኑ ጊዜ፣ ከስድሳ ዓመት በፊት በተመሳሳይ ተስፋ የተጀመረ አንድ ተቋም የት እንደደረሰ ማየት ለመምህራንም ሆነ ለፕላን አውጪዎች ጠቃሚ ይሆናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመሠራረቱ

ኖርላንድ እየተባለ የሚጠራው የስዊድን ሰሜናዊ ክፍል ከአገሪቱ የቆዳ ስፋት ከግማሽ በላይ ይሸፍናል። የሚኖርበት ሕዝብ ግን ከአሥር ስዊድናውያን አንዱ ያህል ብቻ ነው። የብረት ማዕድኑ፣ የደኑ እንጨትና ከወንዞቹ የሚመነጨው የኤሌክትሪክ ኃይል ለመላው የአገሪቱ ኢንዱስትሪ መሠረት ሆነው ኖረዋል። ዩኒቨርስቲዎቹ ግን ሁሉም በደቡብና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ነበሩ። ኡፕሳላ በ1477፣ ሉንድ በ1666 ተመሥርተዋል፤ ጎተንበርግና ስቶክሆልምም ኋላ ተከትለዋል። የሰሜኑ ልጅ ለመማር ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከተማረም በኋላ ብዙውን ጊዜ በዚያው ይቀራል። በዚህም ምክንያት አካባቢው ሐኪምና የጥርስ ሐኪም በብርቱ ይቸግረው ነበር።

ከስቶክሆልም በስተ ሰሜን ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በኡሜዮ ከተማ የከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው ይህንኑ ችግር ለማቃለል ነው። የጥርስ ሕክምና ትምህርት በ1956 ተጀመረ፤ ወዲያው የሕክምና ትምህርት ተከተለው። የአካባቢው የምክር ቤት አባልና በዚያን ጊዜ የመገናኛ ሚኒስትር የነበሩት ዮስታ ስኩግሉንድ ለጉዳዩ ጽኑ ተከራካሪ ነበሩ። ፓርላማው በ1963 ከወሰነ በኋላ የአገሪቱ አምስተኛ ዩኒቨርስቲ በ1965 በንጉሥ ጉስታፍ 6ኛ አዶልፍ ተመርቆ ተከፈተ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ተቋሙ በስም ተጀምሮ ሥራ የተፈለገለት አይደለም፤ በታወቀ ችግር ተጀምሮ ኋላ ስሙን ያገኘ ነው።

በ1977 በስዊድን በተደረገው የከፍተኛ ትምህርት ማሻሻያ የመምህራን ማሠልጠኛውም ወደ ዩኒቨርስቲው ተጠቃለለ። ዛሬ ዩኒቨርስቲው በሕክምና፣ በተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ በማኅበራዊ ሳይንስና በሥነ ሰብዕ ፋኩልቲዎቹ ከ30,000 በላይ ተማሪዎችን ያስተምራል።

ትምህርቱ

ከዩኒቨርስቲው የማስተማር ሥራ ውስጥ ሁለቱ በተለይ ሊጠቀሱ ይገባል።

የመጀመሪያው የሐኪሞች ሥልጠና ነው። ከ2011 ጀምሮ የሕክምና ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በኡሜዮ ከተማሩ በኋላ በሆስፒታል የሚሰጠውን ሥልጠና በአራት ከተሞች ተከፋፍለው ይከታተላሉ፤ እነዚህም ኡሜዮ፣ ሉሌዮ፣ ሱንድስቫልና ኦስተርሹንድ ናቸው። በከተሞቹ መካከል ያለው ርቀት በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚለካ በመሆኑ የንድፈ ሐሳቡ ትምህርት በቪዲዮ እየተላለፈ ለአራቱም በጋራ ይሰጣል። የአሠራሩ መነሻ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ሐኪም የሠለጠነበትን ሆስፒታል፣ የሚያውቃቸውን የሥራ ባልደረቦችና የለመደውን ከተማ በቀላሉ ትቶ አይሄድም። ተማሪው ወደ ዩኒቨርስቲው መምጣቱ ብቻ አልበቃም፤ ዩኒቨርስቲውም ወደ ተማሪው የወደፊት የሥራ ቦታ መሄድ አስፈልጎታል።

ሁለተኛው በመላው ስዊድን የሚሰጠው የዩኒቨርስቲ መግቢያ ፈተና ዝግጅት ነው። ፈተናው ከ1977 ጀምሮ በሥራ ላይ ሲውል አዘገጃጀቱ ለኡሜዮ የትምህርት ምዘና ባለሙያዎች ተሰጥቷል። በመጀመሪያ ዕድሜያቸው 25 ዓመት ለሞላና ቢያንስ አራት ዓመት በሥራ ላይ ለቆዩ ሰዎች የታሰበ ነበር፤ በወጣትነቱ ትምህርቱን ያቋረጠ ሠራተኛ በሌላ በር እንዲገባ ማለት ነው። ከ1991 ጀምሮ ግን ለሁሉም ክፍት ሆነ። ዛሬ አመልካቾች ከቦታው በሚበልጡበት ትምህርት ቢያንስ ከመቀበያ ቦታዎቹ ሲሶው በዚህ ፈተና ውጤት፣ ቢያንስ ሲሶው ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውጤት እንዲሞላ ደንቡ ያዛል።

ይህ አሠራር ለእኛ መምህራን የሚያነሣው ጥያቄ አለ። በፈተናው ወንዶች በአማካይ ከሴቶች የበለጠ ነጥብ ያገኛሉ፤ በትምህርት ቤት ውጤት ደግሞ ሴቶች ይበልጣሉ። እንግዲህ ሁለቱ መመዘኛዎች አንድን ነገር አይለኩም ማለት ነው። የኡሜዮ ባለሙያዎች ፈተናውን ከማዘጋጀት አልፈው ጥያቄዎቹን በየጊዜው መመርመራቸውና ስለ ምዘናው ጽሑፍ ማውጣታቸው ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁን እንጂ ለሠራተኛው የተከፈተው ሁለተኛ በር ለሁሉም ሲከፈት፣ ከትምህርት ቤት ገና በወጡ ወጣቶች መጨናነቁ አልቀረም። ለተረሳው የታሰበ ዕድል ለሁሉም ሲዳረስ የተረሳውን መልሶ ሊያስረሳው እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ምርምሩ

የኡሜዮ ምርምር የሚደነቀው በአካባቢው ያለውን ነገር ለዓለም ጥያቄ መልስ መስጫ ማድረጉ ላይ ነው። ለዚህም ሦስት ምሳሌዎችን እናቀርባለን።

አንደኛው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። በ1686 የወጣው የስዊድን የቤተ ክርስቲያን ሕግ ምእመናን ሁሉ እንዲያነቡ ያስገድድ ነበር፤ ቄሶችም በየቤተ ሰቡ እየጠየቁ የእያንዳንዱን ሰው የማንበብ ችሎታ በመዝገብ ያሰፍሩ ነበር። በኡሜዮ ፕሮፌሰር የነበሩት ኤይል ዮሃንሶን እነዚህን መዝገቦች መርምረው፣ እያንዳንዱ ደብር ትምህርት ቤት እንዲኖረው ያዘዘው የ1842ቱ ሕግ ከመውጣቱ አስቀድሞ አብዛኛው ሕዝብ ማንበብ ይችል እንደነበር አሳይተዋል። ያስተማረችው እናት ወይም ያስተማረው አባት በቤት ውስጥ ነው። መጻፍ ግን በሕዝቡ ዘንድ የተስፋፋው ዘግይቶ ነው። በእኛም አገር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የደገመ ልጅ ብዙ ጊዜ ጽሕፈት ሳይማር ይወጣ እንደነበር ለሚያውቅ መምህር፣ ንባብና ጽሕፈት በታሪክ መንታ ሆነው አለመወለዳቸው እንግዳ አይሆንበትም። መዝገቦቹን በኮምፒዩተር የማስፈር ሥራ በ1973 የተጀመረው በፊንላንድ ድንበር ላይ በምትገኘው ሃፓራንዳ በተባለች ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ ለአካባቢው ሰዎች የሥራ ዕድል ለመፍጠርም የታሰበ ነበር።

ሁለተኛው የጤና ምርምር ነው። ኡሜዮ የምትገኝበት የቬስተርቦተን አውራጃ በልብና በደም ሥር በሽታ በሚሞቱ ሰዎች ብዛት በአገሪቱ ቀዳሚ ነበር። በ1985 ኖርሾ በምትባል ትንሽ ወረዳ የመከላከል ሥራ ተጀመረ፤ ኋላም ወደ አውራጃው ሁሉ ተስፋፍቶ ነዋሪዎች 40፣ 50 እና 60 ዓመት ሲሞላቸው ወደ ጤና ጣቢያ ተጠርተው ይመረመራሉ፤ ስለ አኗኗራቸውም ምክር ይሰጣቸዋል። ሥራውን የሚሠራው የጤና ጣቢያው ነርስ ነው፤ ከሥራው የተገኘው መረጃ ግን ለብዙ ዓመታት የምርምር ምንጭ ሆኗል።

ሦስተኛው ከአገራችን ጋር የተያያዘ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በቡታጅራ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ከኡሜዮ ጋር በመተባበር በ1980ዎቹ አጋማሽ የገጠር ጤና ምርምር አቋቁሟል። በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ ልደት፣ ሞትና የነዋሪዎች መዘዋወር በየቤቱ እየተጠየቀ ይመዘገብ ጀመር። ልደትና ሞት በመንግሥት መዝገብ በማይሰፍርበት አገር፣ ሕፃናት በምን እንደሚሞቱ ለማወቅ ሌላ መንገድ አልነበረም። በርካታ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በዚህ ሥራ ላይ ተመሥርተው የዶክትሬት ጥናታቸውን አቅርበዋል። የኡሜዮ ተመራማሪዎች ይህን ለመሥራት የበቁት የሩቅ ገጠርን ጤና በገዛ አገራቸው ማጥናት ስለለመዱ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ጉድለቶቹ

ይህ ሁሉ ቢሆንም ዩኒቨርስቲው ሁለተኛውን ተስፋ ሙሉ በሙሉ ፈጽሟል ማለት አይቻልም።

በመጀመሪያ፣ ዩኒቨርስቲው ያለማው ከሁሉ በፊት ኡሜዮን ነው። ትንሽ የአስተዳደር ከተማ የነበረችው ኡሜዮ ዛሬ ከነወረዳዋ ወደ 130,000 ያህል ነዋሪዎች አሏት። ከባሕር ዳርቻው የራቁት የኖርላንድ የውስጥ ወረዳዎች ግን በእነዚሁ ዓመታት ሕዝባቸው እየቀነሰ ሄዷል። ቀድሞ ወደ ኡፕሳላ ይሄድ የነበረው የገጠር ልጅ አሁን ወደ ኡሜዮ ይሄዳል፤ ወደ መንደሩ አለመመለሱ ግን ያው ነው። በርቀት የሚሰጠው ትምህርትና በየወረዳው የተቋቋሙት የመማሪያ ማዕከሎች ይህን ያቃልሉታል እንጂ አያስወግዱትም።

ሁለተኛ፣ ዩኒቨርስቲው ሁለት ጌቶችን ማገልገል ግድ ሆኖበታል። የምርምር ገንዘብ በውድድር የሚገኝ በመሆኑ ዓለም አቀፍ ስም የሚያስገኘው ሥራ ይቀድማል። ፈረንሳዊቷ ኢማኑዌል ሻርፓንቲዬ ከ2009 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በኡሜዮ ሠርተዋል፤ ክሪስፐር ለተባለው የዘረ መል መቁረጫ ዘዴ መሠረት የሆነው የ2011 ግኝታቸውም የተገኘው በዚያ ነው። ይሁን እንጂ በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ሲያገኙ የሚሠሩት በጀርመን ነበር። ይህ ለኡሜዮ ክብር እንጂ ነቀፋ አይደለም፤ ሩቅ ያለ ዩኒቨርስቲም ለታላቅ ሥራ ነፃነትና ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል አሳይቷል። ነገር ግን ታላቁ ሳይንቲስት ሊሄድ ይችላል፤ የደብሩ መዝገብና የኖርሾ ጤና ጣቢያ ግን አይሄዱም። ፕላን አውጪ በየትኛው ላይ መመሥረት እንዳለበት ሊያስብበት ይገባል።

ሦስተኛ፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ሳሚዎች ለረዥም ዘመን በስዊድን ምርምር ውስጥ የታዩት እንደ ተጠኚ እንጂ እንደ አጥኚ አልነበረም። ዩኒቨርስቲው የሳሚን ቋንቋ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ማስተማሩና ለሳሚ ጉዳዮች የምርምር ማዕከል ማቋቋሙ መልካም ነው። የጥናቱን ጥያቄ የሚያወጣው ማን ነው የሚለው ክርክር ግን ገና አልተዘጋም።

በመጨረሻም፣ ከ2011 ጀምሮ በስዊድን ከአውሮፓ የኢኮኖሚ አካባቢ ውጭ የሚመጡ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ እንዲከፍሉ ተደርጓል። ውሳኔው የዩኒቨርስቲው ሳይሆን የመንግሥት ነው። ቢሆንም ለሩቁ ሰው በር ለመክፈት የተመሠረተ ተቋም፣ ነፃ የትምህርት ዕድል ላላገኘ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በሩን አጥብቦታል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው እንደምንረዳው የኡሜዮ ዩኒቨርስቲ የመጀመሪያውን ተስፋ በሚገባ ፈጽሟል፤ ሁለተኛውን የፈጸመው ግን ትምህርቱንና ምርምሩን ከአካባቢው ችግር ጋር ባገናኘበት መጠን ብቻ ነው። የሐኪሞቹ ሥልጠና ወደ አራት ሆስፒታሎች መውጣቱ፣ የቄሶቹ መዝገብ ለትምህርት ታሪክ መዋሉ፣ የጤና ጣቢያው ነርስ የተመራማሪ አጋር መሆኑ የዚህ ማስረጃዎች ናቸው። ዩኒቨርስቲው በከተማው ብቻ በረጋበት ጊዜ ደግሞ ትንሽ ዋና ከተማ ከመፍጠር አላለፈም።

ስለሆነም በማናቸውም የክፍለ ሀገር ዩኒቨርስቲ ፊት ሦስት ጥያቄዎችን ማቅረብ ተገቢ ነው። በዚህ ቦታ ካልሆነ በሌላ ቦታ በዚህ ዓይነት ሊሠራ የማይችል ምን ሥራ ይሠራል? ተማሪው ከመመረቁ በፊት ወደፊት በሚያገለግልበት ወረዳ ስንት ወራት ያሳልፋል? የአካባቢው መምህር፣ ነርስና ገበሬ በምርምሩ ውስጥ ድርሻቸው ምንድን ነው? የሕንፃዎቹና የተመራቂዎቹ ብዛት በየዓመቱ በሪፖርት ይቀርባል። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው ግን ከዩኒቨርስቲው በር ወጥቶ ወደ ወረዳው ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት በመሄድ ነው።