የመዝገበ ቃላት ፋይል ማረሚያ ፕሮግራም በምን ይመረጥ?

መዝገበ ቃላት በካርድ ይዘጋጅ በነበረበት ዘመን የአዘጋጁ ጭንቀት ካርዱ እንዳይጠፋና እንዳይቀላቀል ነበር። ዛሬ ካርዱን የተካው በኮምፒዩተር የሚቀመጥ፣ የተዋቀረ የመረጃ ፋይል ነው። ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት የአጻጻፍ ሥርዐቶች አንዱ ኤክስኤምኤል ሲሆን፣ በእርሱ መሪ ቃሉ፣ የቃል ክፍሉ፣ ፍችውና ምሳሌው እያንዳንዳቸው በመክፈቻና በመዝጊያ መለያ መካከል ይጻፋሉ። እንዲህ ያለውን ፋይል የሚከፍት ፕሮግራም ብዙ ነው፤ ስሕተቱን የሚያጋልጥ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ምርጫው በልማድ ሳይሆን በመመዘኛ ሊሆን ይገባል።

ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው እንደ ኤክሴል ያለውን የሠንጠረዥ ፕሮግራም ነው። ለቃላት ዝርዝር ይበቃል፤ ለመዝገበ ቃላት ግን ይጠባል። «መታ» የሚለው ግሥ ብዙ ፍች አለው፤ እያንዳንዱም ፍች የየራሱን ምሳሌ ይሻል። ይህን ተዋረድ በአንድ ረድፍ መደርደር መረጃውን ማፍረስ ነው። ከዚህም በላይ በዩቲኤፍ-8 የተጻፈ ፋይል በሌላ የፊደል ኮድ ሲከፈት የግእዙ ፊደል ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል፤ እንደዚያው ከተቀመጠም ጉዳቱ ይጸናል።

ሁለተኛው ዐይነት ተራ ጽሑፍ ማረሚያው ነው። ለምሳሌ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ነጻና ቀላል ከመሆኑም ሌላ መለያዎቹን በቀለም ይለያል። ይሁን እንጂ ቀለም ዳኛ አይደለም። እዚህ ላይ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ሊነጣጠሉ ይገባል። የተከፈተው መለያ ሁሉ በሥርዐቱ የተዘጋ ከሆነ ፋይሉን «ቅርጸ ትክክል» እንበለው፤ አዘጋጆቹ በንድፍ ፋይል የደነገጉትን ሁሉ ካሟላ ደግሞ «ንድፈ ትክክል»። ከአዘጋጆቹ አንዱ «ግሥ»፣ ሌላው «ግስ» ብለው ቢጽፉ ፋይሉ ቅርጸ ትክክል ነው፤ ንድፉ «ግሥ» የሚለውን ብቻ ከፈቀደ ግን ንድፈ ትክክል አይሆንም። ኦክሲጅን የተባለው ፕሮግራም ይህን ልዩነት በመጻፍ ላይ ሳሉ ያሳያል፤ ዋጋ ግን ይከፈልበታል። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የተባለው ነጻ ፕሮግራምም ተቀጽላ ሲታከልበት ይህንኑ ሊሠራ ይችላል።

ሦስተኛው ነጥብ እኛን በተለይ የሚመለከት ነው። ኤክስኤምኤል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲታወጅ ለመለያ ስም የተፈቀዱት ፊደላት በዩኒኮድ 2.0 የነበሩት ብቻ ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ፊደል ደግሞ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። ስለሆነም አማርኛ በመለያዎች መካከል ሊጻፍ ይችል ነበር እንጂ «ቃል» ወይም «ፍች» የሚል መለያ ማቆም አይቻልም ነበር። ክልከላው በ2004 በወጣው 1.1 እትም፣ በ2008ም በ1.0 አምስተኛ እትም ተነሥቷል። ቢሆንም በአሮጌው ደንብ ላይ የቆሙ ፕሮግራሞች ዛሬም አሉ። ፈተናው ቀላል ነው፤ «ቃል» የሚል መለያ ከፍቶ መዝጋትና ፕሮግራሙ ስሕተት ይል እንደሆነ ማየት። በእንግሊዝኛ መለያ መጠቀም ከሌሎች አገሮች ሥራ ጋር ለመለዋወጥ ይረዳ ይሆናል፤ ነገር ግን ይህ የአዘጋጆቹ ውሳኔ እንጂ የፕሮግራሙ ድካም ውጤት መሆን የለበትም።

ፍለጋም ይመዘን። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን ሥራቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ብለውታል፤ «አዲስ» ብሎ የሚፈልግ ሰው በተራ ፍለጋ ይህን ርእስ አያገኘውም። ፕሮግራሙ «አ»ን እና «ዐ»ን አንድ አድርጎ ቢተካቸው የቃሉን ታሪክ ያጠፋል፤ ሁለቱን እንደተለያዩ ጠብቆ በአንድ የፍለጋ ቀመር ማግኘት ቢያስችል ግን ለመዝገበ ቃላት ሥራ የተገባ ነው።

እንግዲህ የመመዘኛው ቅደም ተከተል፦ የፊደሉ ደኅንነት፣ የንድፍ ምርመራ፣ የመለያ ስም ነጻነት፣ ፍለጋ፤ ዋጋና ውበት በመጨረሻ። የሥራ ባልደረቦች ሁሉ አንድ ፕሮግራም እንዲይዙ ግድ አይደለም። በንድፍ ሳይመረመር ወደ ዋናው መዝገብ የሚገባ ፋይል እንዳይኖር ግን ግድ ነው፤ ዛሬ የታለፈች አንዲት «ግስ» ነገ በሺህ ገጽ መካከል ትሰወራለችና።